ብሩ ከመፍሰሱ በፊት

በብር በተለበጠ የግድግዳ መስታወት ፊታችንን ስናይ፣ ዓይናችን ብርጭቆውን ዘልቆ የሚያርፈው መጀመሪያ ብርጭቆውን በነካው የብር ገጽ ላይ ነው። የብሩ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለአሥር ሺህ ቢከፈል አንዱ እጅ ያህል ነው። በብርጭቆውና በብሩ መካከል የጣት ቅባት፣ የሳሙና ቅሪት ወይም የጥጥ ብናኝ ከቀረ ከዚያ በኋላ ማንም አይደርስበትም። ሰው የሚያደንቀው ብሩን ነው፤ እኔ ግን መስታወት የሚሠራው እጥበቱ ላይ ነው እላለሁ።

ቀደም ሲል መስታወት የሚለበጠው በቲንና በሜርኩሪ ነበር፤ የሜርኩሪው ትነትም ሠራተኛውን ይመርዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የብር ጨው ከአልዲሃይድ ጋር ሲገናኝ ብሩ ተለይቶ የዕቃውን ግድግዳ እንደሚለብጥ አስተዋለ። በ1850ዎቹ ደግሞ ሽታይንሃይል በጀርመን፣ ፉኮ በፈረንሳይ የቴሌስኮፕ መስታወት በብር መለበጥ ጀመሩ።

ሥራው የሚጀምረው በመወልወል ነው። ብርጭቆ መጋዘን ውስጥ ሲከርም እርጥበት ከገጹ አልካሊ እየሳበ ያወጣል፤ ዓይን የማያየው ያረጀ ቆዳ ይፈጠርበታል። ውሃና ሳሙና ይህን አያነሱትም። ስለዚህ ሴሪየም ኦክሳይድ ወይም ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በውሃ ተለውሶ፣ ገጹ አንድም ስፍራ ሳይዘለል ይታሻል። ጥርጥር ካለ፣ በተለይ በቴሌስኮፕ ሠሪዎች ዘንድ፣ በናይትሪክ አሲድ የተነከረ ጥጥ ይከተላል፤ ይህ ጓንትና የዓይን መከላከያ የግድ የሚል ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ እጅ ገጹን አይነካም። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሰሰው እንጀራው ሳይጣበቅ እንዲነሳ ነው፤ የጣት ቅባትም በብሩ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ንጽህናውን የሚመሰክረው ውሃው ራሱ ነው። በጸዳ ብርጭቆ ላይ ውሃ ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፤ ቅባት ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን ይሸሻል፣ ተሰብስቦም ነጠብጣብ ይሆናል። አንዲት ደረቅ ክብ እንኳ ከታየች ወደ ማሸቱ መመለስ ይሻላል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ብሩንም ድካሙንም ያባክናል።

የመጨረሻው ማለቅለቂያ የቧንቧ ውሃ መሆን የለበትም። በውስጡ ያለው ክሎራይድ ከብሩ ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ስለሚፈጥር ገጹን ያደበዝዘዋል። የሚያስፈልገው ተተንኖ የተጣራ ውሃ ነው። ቀጥሎ ስታነስ ክሎራይድ የተባለ የቲን ጨው፣ በዚያው ጊዜ ተበጥብጦ፣ ይፈስበታል፤ የቲኑ ቅንጣቶች ብርጭቆው ላይ ተጣብቀው የመጀመሪያዎቹን የብር ፍሬዎች ይይዛሉ። ትርፉ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ እሱም በተራው ጉም ይሆናል። ከዚህ እስከ ብሩ ድረስ ብርጭቆው እንዲደርቅ አይፈቀድም፤ የደረቀ ጠብታ ዳርቻው መስታወቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። በመጨረሻ የሚፈስበት የብርና የአሞኒያ ውህድም የሚዘጋጀው ለዕለቱ ብቻ ነው፤ ከቆየ ሊፈነዳ ይችላል።

በቴሌስኮፕ መስታወት ላይ ብሩ ከፊት ስለሚለበጥ አየር ያጠቁረዋል። በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ሥራ የጀመረው የሁከር ቴሌስኮፕ ስፋቱ 2.5 ሜትር የሆነ መስታወት አለው፤ እሱም በ1935 በአሉሚኒየም እስኪለበጥ ድረስ ብር ለባሽ ነበር። ብሩ በጠቆረ ቁጥር አሮጌው ይነሳ፣ ያ ሁሉ ብርጭቆም እንደ አዲስ ይታጠብ ነበር።