ከኪስ የማይለይ ብርሃን

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሥራ የሚያሠራው የማምሻ ድንግዝግዝ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ከዕድሜያችን እኩሌታው የሚያልፈው በጨለማ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ለጨለማ የምንዘጋጀው ጨለማው ከደረሰ በኋላ ነው።

እስቲ ለአንድ አፍታ ይህን አስቡ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ስታጠኑ መብራት ድንገት ጠፋ እንበል። በዚያው ቅጽበት ከጓዳ የሕፃን ጩኸት ተሰማ፤ ምድጃው ላይ ደግሞ የተጣደ ውኃ ነበረ። ክብሪት ፍለጋ መደርደሪያውን ትዳስሳላችሁ፤ አይገኝም። ኩራዙ ላምባ የለውም። የእጅ ባትሪው ከሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ተቀብሯል፤ ቢገኝም ድንጋዩ ካለቀ ቆይቷል። ሕፃኑ ተቃጥሎ ይሁን ወይም ደንግጦ ብቻ ይሁን ለማወቅ የሚያስፈልገው የአንድ አፍታ ብርሃን ነበር። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ጎረቤት ፋኖስ ይዞ ቢደርስ፣ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

እንግዲህ የሚጠቅመው ብርሃን እጅግ የደመቀው ሳይሆን፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከእጅ የሚገኘው ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ትንሽ የእጅ ባትሪን ሳይረሱ ዘወትር መያዝ፣ ሁለተኛው የመሣሪያውን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ይህን ዕውቀት የትርፍ ጊዜ ዝንባሌያቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። እናንተም ብዙ ገንዘብ ሳታወጡ ከእነርሱ እንደ አንዱ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን አመጣጥ እንመልከት፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከኤሌክትሪክ በፊት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ብርሃን ማለት እሳት ነበር። ችቦ፣ ጧፍ፣ ኩራዝና ፋኖስ ለዘመናት ሰውን አገልግለዋል። ነገር ግን ነፋስ ያጠፋቸዋል፤ ሲወድቁ ቤት ያቃጥላሉ፤ ጭሳቸውም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። ነበልባል የሌለው የእጅ መብራት ሊሠራ የቻለው ደረቁ የባትሪ ድንጋይ ከተገኘ በኋላ ነው። ቀደም ሲል የነበሩት ባትሪዎች ፈሳሽ የያዙ ዕቃዎች ስለ ነበሩ ለመሸከም አይመቹም ነበር። ካርል ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ ግን በ1886 ፈሳሹ የማይፈስ ደረቅ ድንጋይ አስመዘገበ። ከዚያም በኒውዮርክ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ዴቪድ ሚሴል ድንጋዮችን በቱቦ ውስጥ ደርድሮ፣ በጫፉ አምፖልና አንጸባራቂ በመግጠም ለሠራው የእጅ መብራት በጥር ወር 1899 የፈጠራ መብት አገኘ። የዚያን ጊዜ ድንጋይና አምፖል ደካሞች ስለ ነበሩ መብራቱ ብልጭ ብሎ ማረፍ ነበረበት። አሜሪካውያን መሣሪያውን እስከ ዛሬ «ብልጭታ ብርሃን» በሚል ስም የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአምፖሉ በኩል ነው። የቀድሞው አምፖል ቀጭን የብረት ክር አግሎ የሚያበራ ሲሆን፣ ከሚቀበለው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ1962 ኒክ ሆሎኒያክ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ክር ሳያስፈልገው ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሠራ፤ ይህም ዛሬ ኤልኢዲ የሚባለው ነው። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያስገኙት በጃፓን የተወለዱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሰማያዊው ብርሃን ወደ ቢጫ በሚለውጥ ቅብ ውስጥ ሲያልፍ ሁለቱ ቀለሞች ተቀላቅለው ለዓይናችን ነጭ ሆነው ይታያሉ። ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ ይሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕውቀቱን ለመጀመር አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ከቤት ወድቆ የቀረውን አሮጌ የእጅ ባትሪ ፈታችሁ ተመልከቱ። ዋና ዋና ክፍሎቹ አምስት ናቸው፤ እነርሱም ድንጋዩ፣ ቀፎው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ አምፖሉና አንጸባራቂው ናቸው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋዩ አንድ ጫፍ ተነሥቶ በአምፖሉ ውስጥ ያልፍና በቀፎውና በማብሪያው በኩል ወደ ሌላው ጫፍ ይመለሳል። መንገዱ በአንድ ቦታ እንኳ ቢቋረጥ መብራት የለም። ስለዚህ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የዛገውን ሞላ በሻካራ ወረቀት ማጽዳት ብቻ ሆኖ ይገኛል። የደከመ ድንጋይን ፀሐይ ላይ ማስጣትም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃዋል እንጂ ያለቀውን ኃይል አይመልስም።

ቀጥሎ ቁጥሮችን መረዳት ያስፈልጋል። በካርቶን ላይ የሚጻፈው «ሉመን» ከመብራቱ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል፤ «ካንዴላ» ደግሞ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደ ተጠናከረ ይገልጻል። ብርሃን በራቀ ቁጥር ስለሚበተን፣ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ጥንካሬውን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። 2,500 ካንዴላ ያለው ባትሪ እስከ 100 ሜትር የሚደርስ ከሆነ፣ እስከ 200 ሜትር ለመድረስ 10,000 ካንዴላ ያስፈልጋል። በዚህ አለካክ «ደረሰ» የሚባለው በዚያ ርቀት ላይ የሙሉ ጨረቃን ያህል ብርሃን ሲያሳርፍ ነው። ስለዚህ በ100 ሜትር ላይ የሰው ቁመና ይለያል እንጂ ጽሑፍ አይነበብም።

ማስታወቂያን በሂሳብ መፈተንም ይቻላል። የግድግዳ ሰዓት የሚጎርሰውን ዓይነት ትንሽ፣ ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሞላ ድንጋይ እንውሰድ። በላዩ 1.2 ቮልትና 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ቢጻፍበት፣ የያዘው ኃይል 1.2 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 2.4 ዋት ሰዓት ነው። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል ብንል፣ ይህ ድንጋይ 100 ሉመን ለሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ 10 ሉመን ደግሞ ለአንድ ቀን ያህል ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ በዚሁ ድንጋይ «1,000 ሉመን ለ10 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ብታገኙ፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢምል ሊሆን የማይችል ነገር መሆኑን ራሳችሁ ታረጋግጣላችሁ። የዚህ ዝንባሌ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሰው የተነገረውን ከመቀበሉ በፊት እንዲመዝን ያለማምዳል።

ስሌቱ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ለመጻፍ፣ ቁልፍ ለመፈለግ ወይም በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ ከ10 ሉመን በታች ይበቃል። ከዚህም በላይ ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ያለ አስፈላጊነት ብዙ ብርሃን ማብራት የለመደውን ዓይን መልሶ ማሳወር ነው። ስለዚህ ለኪስ የሚመረጠው ባትሪ ትንሽ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ድንጋዩ በቅርብ ሱቅ የሚገኝና ብርሃኑ ዝቅና ከፍ የሚል ሊሆን ይገባል።

ምናልባት «ስልኬ መብራት አለው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለአጭር ጊዜ ያገለግላል። ነገር ግን በጭንቅ ሰዓት ስልክ የሚፈለገው ሰው ለመጥራት ነው። መንገዱን ሲያበራ ቆይቶ ኃይሉ ካለቀ፣ ብርሃኑንም እርዳታውንም በአንድ ጊዜ ታጣላችሁ።

የእጅ ባትሪን ሁልጊዜ በአንድ ኪስ ውስጥ ያዙ፤ እጃችሁ ሳያስብ ሊያገኘው ይገባል። በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን መርጣችሁ አብርታችሁ ፈትኑት፣ የሚሞላም ከሆነ ሙሉት። ለብዙ ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡት፤ ተረስቶ የቀረ ድንጋይ ፈሳሽ አፍልቆ ቀፎውን ይበላዋል። በገጠር መንገድ በሌሊት ስትሄዱ ደግሞ ብርሃኑን ከሩቅ ሳይሆን ከእግራችሁ ፊት አድርጉ፤ በእባብ ላለመነደፍ ከሚሰጡት ምክሮች ዋነኞቹ ጫማ ማድረግና የሚረግጡትን በብርሃን ማየት ናቸው።

በኃይለኛ ባትሪዎች ውስጥ የሚገኘው የሊቲየም አዮን ድንጋይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ብዙ ኃይል በትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ በቅጽበት ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ብቻውን ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር በኪስ አይያዝ። ያበጠ፣ የተጨረመተ ወይም ልባሱ የተቀደደ ድንጋይ አይሞላም። የተለመደው ዓይነት ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ ስለሌለበት፣ ለእርሱ ከተሠራ መሙያ በቀር በሌላ አትሙሉት፤ ሰው በሌለበት ቤት ወይም ተኝታችሁ ሳለም አትሙሉት። ማንኛውንም ድንጋይ ወደ እሳት መጣል ክልክል ነው።

ብርሃን መያዝ ጨዋነትንም ይጠይቃል። በመንገድ ላይ ሰው ስታገኙ ብርሃኑን ወደ መሬት አውርዱ እንጂ በፊቱ ላይ አታብሩ። ፊቱ ላይ የበራበት ሰው ለጊዜው አያይም፤ ጉድጓድ ቢኖር ይገባበታል፤ ከዚህም ሌላ እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ያስከተለች እናት ከጎናችሁ ቢሄዱ፣ ብርሃኑን ለእነርሱ እግር አድርጉ፤ እናንተ ከተረፈው ታያላችሁ።

ዛሬ ማታ አንድ ሙከራ አድርጉ። ቤት ያለውን ባትሪ ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡና ከአንድ ዛፍ እየራቃችሁ እርምጃችሁን ቁጠሩ፤ ግንዱን መለየት ሲያቅታችሁ ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ ይህንኑ ደግማችሁ ስታነጻጽሩ ድንጋዩ ምን ያህል እንደ ደከመ ትረዳላችሁ። ያን ጊዜ ባትሪው እንዲሁ የተገዛ ዕቃ መሆኑ ይቀርና የምታውቁት መሣሪያ ይሆናል። መብራት በጠፋበትና ከጓዳ ጩኸት በተሰማበት ምሽትም ክብሪት ፍለጋ ግድግዳ አትዳስሱም፤ እጃችሁ ወደ ኪሳችሁ ይገባል፤ ብርሃኑም ከዚያው ይገኛል።