«ምንጩን ጠቅሻለሁ» ፈቃድ አይሆንም

ጥምቀት በመጣ ቁጥር የሚደጋገም በደል አለ። ፎቶ አንሺው ሌሊቱን በብርድ ቆሞ፣ ወጣቶች ጎንደር በሚገኘው የአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ሲዘሉ ያነሳውን ምስል ፌስቡክ ላይ ይለቃል። ከሰዓት በኋላ ያው ምስል አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ይገኛል፤ ከጥጉ ላይ የነበረው ስሙ ተቆርጦ የቻናሉ ሎጎ ተለጥፎበታል። ሲጠይቅ «ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው ነው» ይሉታል።

ኢንተርኔት ላይ መገኘትና ባለቤት አልባ መሆን ለየቅል ናቸው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ደራሲ ሥራ በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የፎቶግራፍ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት። ለፌስቡክም ቢሆን ሥራችሁን የማሳየት ፈቃድ ትሰጡታላችሁ እንጂ ባለቤትነቱን አታስረክቡትም።

«ምንጩን ከጠቀስኩ ምን ችግር አለው?» የሚለው አባባል በቅንነት ስለሚነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በስም መጠራት የደራሲው አንድ መብት ነው፤ ሥራውን ማን ያባዛ፣ ማን ያሰራጭ ብሎ መወሰን ደግሞ ሌላ መብቱ ነው። ሕጉ ምንጭ ጠቅሶ አጭር ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል። ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ መበተን ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛትን የሚፈቅደው ድንጋጌ እንኳ የመጽሐፍን አብዛኛውን ክፍል አይጨምርም። «ንባብን ለማስፋፋት ነው» የሚሉ አሉ። ከኪሱ አውጥቶ ያሳተመ ደራሲ ወጪውን ካልመለሰ ቀጣዩን መጽሐፍ በምን ያሳትማል?

ከዘፈን 30 ሰከንድ መውሰድ ይቻላል የሚባለውም እንዲሁ ወሬ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በእኛም አገር በአሜሪካም የለም።

«ካልተመዘገበ መብት የለም» የሚለው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። መብቱ የሚጀምረው ሥራው ተፈጥሮ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሲቀረጽ ነው። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲነሳ ጠቃሚ ማስረጃ ነው። አሜሪካ ኖረው ሥራቸውን እዚያ ያሳተሙ ወገኖቻችን ግን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከመክሰሳቸው በፊት ማስመዝገብ አለባቸው። ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ አዋጁ ፎቶግራፍን የሚጠብቀው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የባለቤቱን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ስምና አድራሻችሁን ጻፉበት፤ በቀላሉ ተቆርጦ እንዳይወጣም ከጥጉ ይልቅ ወደ ምስሉ መሃል አስገቡት። ኦርጅናሉን ፋይል ለማንም አትስጡ። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ስለሚያሳንሰው፣ ትልቁ ፋይል በማን እጅ እንዳለ ማሳየት ራሱ ማስረጃ ነው።

ሥራችሁ ተወስዶ ካገኛችሁት ለወሳጁ ከመጻፋችሁ በፊት ገጹን፣ ሊንኩንና ቀኑን በስክሪን ሾት አስቀሩ፤ ሊያጠፋው ይችላልና። ከዚያ በመድረኩ የቅጂ መብት ቅሬታ ቅጽ አመልክቱ። ፌስቡክና ዩቲዩብ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ቅሬታ ተቀብለው ያወርዳሉ፤ ለማመልከትም አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የተቀጣ ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ጉዳዩ እዚህ አገር ፍርድ ቤት ከደረሰም አዋጁ የሞራል ካሳውን ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጎታል።