ቧንቧው በማን እጅ ነው?

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላል ሕዝባችን። እኛ በለንደን የምንኖር ተማሪዎች ግን ቧንቧ ከፍተን ብርጭቋችንን ስንሞላ የነገሩን ሥር አንጠይቅም። ወንዙን ተፈጥሮ ሰጠ፤ ቧንቧውን የያዘው ግን ማን ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለንደን ከሚጠጣው ውሃ አብዛኛው ከቴምዝና ከሊ ወንዞች እየተጠለፈ በከተማው ዳርቻ በተሠሩ ታላላቅ ሰው ሠራሽ ኩሬዎች ይጠራቀማል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ውሃውን የሚቸበችቡት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። የከተማው እዳሪ ከሚወርድበት ከዚያው ቴምዝ እየቀዱ ለነዋሪው ይሸጡ ነበር። በ1852 ፓርላማው ከቴዲንግተን በታች መቅዳትን በሕግ ሲከለክል ለከበርቴዎቹ እስከ 1855 ድረስ ጊዜ ሰጣቸው። ሕዝቡ ያለቀው በዚህ የእፎይታ ጊዜ ነው።

በ1854 ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው በደቡብ ለንደን የሁለት ኩባንያዎች ቧንቧ ጎን ለጎን የሚያልፍባቸውን ሰፈሮች መረመረ። ላምቤዝ የተባለው ኩባንያ መቅጃውን አስቀድሞ ከከተማው በላይ አዛውሮ ነበር። ሳውዝዋርክና ቮክሶል የተባለው ግን ከባተርሲ፣ ከቆሸሸው ውሃ ይቀዳ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 7 ሳምንታት ከየ10,000 ቤት በላምቤዝ ደንበኞች 37፣ በሌላው 315 ሰው ሞተ። መንገዱ አንድ፣ አየሩ አንድ፤ የተለየው ቧንቧው ብቻ ነበር።

በ1858 በጋ የወንዙ ግማት ፓርላማው መስኮት ሲደርስ ግን ለፍሳሽ ማስወገጃው የሚሆነው ገንዘብ ባጭር ጊዜ ተፈቀደ። በ1904 ስምንቱ ኩባንያዎች ተወርሰው ውሃው በሕዝብ ቦርድ ሥር ዋለ። በ1989 የታቸር መንግሥት መልሶ ለባለአክሲዮኖች ሸጠው። ውጤቱስ? በ2024 ቴምዝ ዋተር ከ15 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸክሞ ታየ። በግንቦት 2025 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወንዞችን በፍሳሽ በመበከሉና ያለአግባብ የትርፍ ድርሻ በመክፈሉ 122.7 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው።

እንግዲህ መፍትሔው የመንግሥት እጅ ብቻ ነውን? አይደለም! አዲስ አበባን እንመልከት። የከተማው ውሃ የመንግሥት ነው፤ የገፈርሳ ግድብ በ1944፣ የለገዳዲ በ1970 ተሠሩ። ሆኖም እናቶቻችን ዛሬም ፈረቃ ይጠብቃሉ፣ ጀሪካን ይደረድራሉ። የቆዳ ፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በተቀላቀለበት የአቃቂ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ ያው አትክልት ተመልሶ የከተማው ገበያ ይገባል። በለገዳዲ ዙሪያ ያለው ገበሬ ግድቡን የሚሞላው ጎርፍ ከማሳው ይወርዳል፤ በውሃው አስተዳደር ግን ድምፅ የለውም።

«መሬት ለአራሹ» ያለው ትውልድ በ1975 መሬቱ የሕዝብ ሲባል ቁጥጥሩ ገበሬው እጅ እንዳልገባ አይቷል። በውሃም ያንኑ ስህተት አንድገም። ስለ ባለቤትነት ስንጽፍ ስለ ቁጥጥርም እንጻፍ፦ የፈረቃውን ሰሌዳ ማን ያወጣል? ሂሳቡን ማን ይመረምራል? ወንዙን የሚበክለውን ማን ይከስሳል? ለእነዚህ መልስ የሌለው «የሕዝብ ንብረት» ስም ብቻ ነው።

ውሃው ለሰፊው ሕዝብ! ቁጥጥሩም በሰፊው ሕዝብ!