የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በረመዳን ምን፣ መቼ እና ምን ያህል ይመገቡ?

በጅቡቲ ከተማ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ከሐሙዲ መስጊድ እና ከሌሎች የከተማዋ መስጊዶች የማግሪብ አዛን ይሰማል። በረመዳን ወር በዚህች ሰዓት የጎዳናው ግርግር ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል። በባልባላ ሰፈር ባሉ ቤቶች፣ በመስጊዶች ደጃፍ እና በወደቡ ዙሪያ ጿሚዎች ማዕድ ከበው ይቀመጣሉ። ቴምር፣ ውሃ፣ ትኩስ ሳምቡሳ፣ ባጂያ፣ ፋህፋህ የሚሰኘው የሥጋ ሾርባ እና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል።

ለአብዛኛው ጿሚ ይህ የእፎይታ ሰዓት ነው። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን ጥንቃቄ የሚሻ ሰዓት ነው። ከአዛኑ በፊት ያሉት የመጨረሻ ሰዓታት የደም ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ የሚችልባቸው ናቸው። ከአዛኑ በኋላ ያሉት ሁለት እና ሦስት ሰዓታት ደግሞ በተቃራኒው ስኳሩ በፍጥነት የሚያሻቅብባቸው ናቸው።

ይህ ጉዳይ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። እአአ በ2001 በ13 አገራት፣ ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሙስሊሞች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ነበር። በጥናቱ መሠረት ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ካለባቸው መካከል 79 በመቶ፣ ዓይነት 1 ካለባቸው ደግሞ 43 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለ15 ቀናት ጾመዋል። በዚያው ወር ሆስፒታል የሚያስገባ የደም ስኳር መውረድ ከሌሎቹ ወራት ጋር ሲነጻጸር በዓይነት 1 ሕሙማን ላይ በ4.7 እጥፍ፣ በዓይነት 2 ሕሙማን ላይ ደግሞ በ7.5 እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል።

በጾም ሰዓታት በሰውነት ውስጥ ምን ይከሰታል?

ጅቡቲ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የጾሙ ርዝመት ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም፤ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። ሰውነት ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት የበላውን ይጠቀማል። ከዚያ በኋላ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ደም መልቀቅ ይጀምራል።

ጤናማ በሆነ ሰው ይህን ሂደት ኢንሱሊን እና ሌሎች ሆርሞኖች ሚዛኑን ጠብቀው ይመሩታል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ግን ሚዛኑ ይዛባል። ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ቆሽትን የሚቀሰቅስ እንክብል የሚውጥ ሰው፣ ምግብ ባይበላም መድኃኒቱ ሥራውን ስለሚቀጥል ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በተቃራኒው ጾምኩ ብሎ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ ስኳሩ ከመጠን በላይ ይጨምራል፤ ደሙም ኪቶን በተባለ አሲድ ሊመረዝ ይችላል። ይህ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው።

ማን መጾም የለበትም?

በእስልምና ሕመምተኛና መንገደኛ በረመዳን እንዲጾሙ አይገደዱም፤ ያልጾሙትን ቀን በሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት ይችላሉ። ሕመሙ ዘላቂ የሆነበት ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን ድሃ በማብላት ፊድያ ይከፍላል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እአአ በ2009 ባሳለፈው ውሳኔ የስኳር ሕሙማንን እንደ አደጋቸው መጠን በመክፈል፣ ጾም እንደሚጎዳቸው ሐኪም ያረጋገጠላቸው ሰዎች እንዳይጾሙ አስታውቋል።

ሐኪሞች ከፍተኛ አደጋ አለባቸው ከሚሏቸው መካከል ሕመሙ ያልተረጋጋ ዓይነት 1 ሕሙማን፣ በቅርብ ወራት ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ የሚያውቅ፣ ስኳራቸው ሲወርድ ምልክቱ የማይሰማቸው፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም የተጨመረባቸው እና የስኳር ሕመም ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ይገኛሉ። በምግብ ብቻ ወይም እንደ ሜትፎርሚን ባለ እንክብል ስኳራቸውን የተቆጣጠሩ ሰዎች ግን፣ ከሐኪም ጋር ተመካክረው ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር መጾም ይችላሉ።

ኢፍጣር፦ በሁለት ምዕራፍ የሚበላ ማዕድ

ጾምን በቴምር መፍታት ነባር ሱና ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ይህን መተው አይጠበቅበትም። ልዩነቱ በብዛቱ ላይ ነው። አንድ ትልቅ፣ ሥጋ የበዛበት ቴምር 16 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ይህም ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይስተካከላል። ትናንሾቹ የቴምር ዓይነቶች ግን የዚህን ሲሶ ያህል ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ወይም ሁለት ትናንሽ ቴምር ከውሃ ጋር በቂ ነው። በላዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ሲጨመር፣ ሰውየው እህል ከመቅመሱ በፊት ከ20 ግራም በላይ ስኳር ወስዷል ማለት ነው።

ከቴምርና ከውሃ ቀጥሎ ቀለል ያለ ሾርባ መውሰድ፣ ማግሪብ ሰግዶ ከተመለሱ በኋላ ወደ ዋናው ምግብ መሄድ ይመከራል። ይህ ክፍተት ሆድ ጥጋብን እንዲያውቅ ጊዜ ይሰጣል። ለዋናው ምግብ ቀላሉ መለኪያ ሳህኑ ራሱ ነው፦ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንደ ሩዝ፣ ላሖህ፣ እንጀራ ወይም ዳቦ ያለ የእህል ምግብ፣ ቀሪው ሩብ ደግሞ ዓሣ፣ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ።

በዚህ መለኪያ የጅቡቲ ማዕድ መልካም ነገር አያጣም። በየመን ስልት በምድጃ የሚጠበሰው ዓሣ ለስኳር ሕመምተኛ ተስማሚ ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀርበው ትልቅ ቂጣ እና ከሙዝና ከማር የሚሠራው ሙክባዛ ግን ስኳርን በፍጥነት ያሻቅባል። በሥጋና በቅመም የሚበስለው ሩዝ፣ ስኩዴካሪስም ቢሆን የሚጎዳው ሳህኑን ሙሉ ሲይዝ ነው። በዘይት የሚጠበሱት ሳምቡሳና ባጂያ በየቀኑ ከሚበሉ ይልቅ አልፎ አልፎ፣ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቢቀመሱ ይመረጣል።

ሱሁርን መተው ለምን ይጎዳል?

አንዳንዶች እንቅልፍ አሸንፏቸው፣ ሌሎች ደግሞ ማታ አብዝተው በመብላታቸው ሱሁርን ይዘላሉ። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ጾሙን በብዙ ሰዓታት ማራዘም ነው። የሚመከረው ሱሁርን ወደ ንጋት አዘግይቶ መመገብ፣ ኢፍጣርን ደግሞ ሳያዘገዩ መጀመር ነው።

የሱሁር ምግብ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ሊሆን ይገባል። ፉል፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ፣ ካልተፈተገ እህል የተዘጋጀ ዳቦ ወይም የጤፍ እንጀራ ከነጭ ዳቦና ከማርማላታ ይልቅ ለረጅም ሰዓት ያቆያሉ። ጨው የበዛበት ምግብ በቀን ጥማትን ስለሚያባብስ ቢቀነስ ይሻላል።

ሙቀት፣ ውሃ እና ጫት

በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሄዳል። ረመዳን በቀዝቃዛው ወቅት ሲውል እንኳ በወደብ ላይ ጭነት የሚያነሳ ሠራተኛ ብዙ ላብ ያወጣል። የደም ስኳር ሲጨምር ደግሞ ሰውነት ውሃን በሽንት ያስወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ድርቀትን ያፋጥናሉ። ስለዚህ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውሃን በአንዴ ሳይሆን ከፋፍሎ መጠጣት ያስፈልጋል።

በረመዳን ምሽት የሚቃመው ጫት ሌላው ፈተና ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሱሁርን ያስረሳል። አብረውት የሚጠጡት ለስላሳ መጠጦችና ጣፋጭ ሻይ ደግሞ ስኳሩን ሌሊቱን ሙሉ ከፍ አድርገው ያሳድራሉ።

ጾሙ መፈታት ያለበት መቼ ነው?

የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እና አጋሮቹ ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያውኑ መፈታት አለበት። ማግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢቀርም መጠበቅ አይገባም።

እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሰዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የስኳር መጠን የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ በፈረንሳይ የሕክምና ልማድ ግን በግራም በሊትር ይጻፋል። በውጤት ወረቀት ላይ 0.70 የሚለው ቁጥር 70፣ 3.00 የሚለው ደግሞ 300 ማለት ነው።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማላብ፣ የልብ ምት መፍጠን እና ግራ መጋባት የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

በጋላፊ መንገድ ከባድ ተሽከርካሪ ለሚያሽከረክር ሰው ይህ የራሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። መሪ ላይ ሳለ የሚፈጠር የአንድ ደቂቃ መደናገር የሌሎችንም ሕይወት ይቀጥፋል። ምልክቱ እንደተሰማው መኪናውን ዳር ማቆም፣ ስኳሩን መለካት እና ጾሙን መፍታት ይኖርበታል። መንገደኛ በመሆኑም ሃይማኖቱ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ብዙዎች ጣት ወግቶ ደም መለካት ጾም ያፈርሳል ብለው ይሰጋሉ። አብዛኞቹ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ግን ምርመራውም ሆነ የኢንሱሊን መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ ይስማማሉ።

ዝግጅቱ ከጨረቃዋ በፊት ይጀምራል

መመሪያው የስኳር ሕሙማን ረመዳን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት አስቀድመው ሐኪም እንዲያዩ ይመክራል። የእንክብልን ሰዓት ማዘዋወርም ሆነ የኢንሱሊንን መጠን መቀነስ በሐኪም እንጂ በግምት የሚደረግ አይደለም። ከሻዕባን ጥቂት ቀናት ጾሞ ስኳርን እየለኩ መሞከርም ሰውነት ጾሙን ምን ያህል እንደሚችል ያሳያል።

ከሐኪም ጋር የሚደረገው ውይይት “አትጹም” በሚል ምክር ሊያበቃ ይችላል። እንዲህ ያለ ምክር ለብዙ አማኝ ከባድ ነው። ሆኖም ሕመምተኛ ሆኖ ማፍጠር ከረመዳን በረከት መጉደል ተደርጎ አይታይም። ቀዷ የሚያወጣውም፣ ፊድያ የሚከፍለውም፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጠውም ሃይማኖቱ የከፈተለትን መንገድ ተከትሎ ነው።