ጡት አልይዝ ያለ ሕፃን በምላጭ አይታከምም

አራስ ልጅ ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ብለው በምላጭ የሚያስቆርጡ ወላጆች ዛሬም በገጠር አልጠፉም። የደም መፍሰስና መንጋጋ ቆልፍ ሕፃኑን ሊገድሉት ይችላሉ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮታል።

እንጥል ሳይሆን፣ ከምላስ ሥር ያለችው ስስ ጅማት አጥራ ምላሱን የያዘችበት ሕፃን አለ። ያም ቢሆን ሁልጊዜ መቀስ አያሻም፤ ብዙዎቹ እናቲቱ አስተቃቀፏን ስታስተካክል ይጠባሉ። የላይኛው ከንፈር ጅማትማ ተፈጥሮ ነው። ክብደት ያልጨመረ ወይም የእናቱን ጡት የሚያቆስል ሕፃን ግን ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ካስፈለገ የሠለጠነ ባለሙያ ከጀርም በጸዳ መቀስ ጅማቷን በአፍታ ይቆርጣታል፤ ሕፃኑም ወዲያው ጡት ይሰጠዋል።

ደኅና ይጠባ የነበረ ሕፃን ድንገት ጡት ከተወ ብርቱ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። አራሷ መራመድ ካቃታት ቃሬዛና ተሸካሚ ይሰናዳላት።