ያውቁ ኖሯል? ማግኔትና ብረት ሲገናኙ

ማግኔት ላይ ብሎንና ዳዶ እየደረደሩ ቅርጽ ለመሥራት ሙጫም ብየዳም እንደማያስፈልግ ያውቁ ኖሯል? ከተበላሸ ስፒከር ጀርባ የተነቀለ ማግኔትና አንድ እፍኝ ዳዶ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲነካካ ለዋለ እጅ ትልቅ እረፍት ነው።

ዳዶ ማግኔት ሲነካ እሱም ለጊዜው ማግኔት ይሆናል። አንዱ ሌላውን፣ ሌላው ሦስተኛውን ይይዛል። ከታች ያለው ጠበቅ ብሎ ይቆማል፤ ጫፍ ላይ ያለው ግን ትንፋሽ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ከማግኔቱ ሲያላቅቁት ሰንሰለቱ በአብዛኛው ዝርግፍ ይላል። መዳብና አሉሚኒየም አይያዙም።

ለመሰል ጨዋታ የሚያገለግሉት ትንንሾቹ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ በማሳቶ ሳጋዋ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ለየብቻ የተገኙ መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? ስድስት በስድስት በስድስት ሲደረደሩ 216 ድቡልቡል ማግኔቶች አንድ ኩብ ይሠራሉ። ኃይለኛ ቢሆኑም ተሰባሪ ናቸው፤ ተላትመው ይሰነጠቃሉ። ሲጣበቁ ከመጎተት ወደ ጎን ማንሸራተት ይሻላል።

ልጅ ባለበት ቤት ግን ባይገቡ እመርጣለሁ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ ማዶና ማዶ ሆነው ይሳሳባሉ፤ አንጀትም ሊበሱ ይችላሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ጥብቅ ደንብ ያወጣችው ለዚህ ነው። ልጅ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት እስኪያሳይ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ግሪካዊው ቀራፂ ታኪስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1960 ፓሪስ ውስጥ ገጣሚ ሲንክሌር ቤይልስን ቀበቶው ላይ በታሰሩ ማግኔቶች አየር ላይ እንዳንጠለጠለው ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ጋጋሪን ጠፈር የወጣው እንኳ ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1961 ነው።

ማግኔት ብቻውን ሌላ ማግኔትን አየር ላይ አረጋግቶ ማቆም እንደማይችል ኧርንሾ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1842 በሒሳብ አሳይቷል። ታኪስ በቅርፆቹ መላ ያገኘው በክር ነው። እርስዎም ይሞክሩት፦ መርፌ ላይ ክር ያስገቡና የክሩን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ይለጥፉ። ማግኔቱን ከላይ ይዘው ቀስ ብለው ያቅርቡ። ክሩ ይወጠራል፤ መርፌው ማግኔቱን ሳይነካ፣ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።