ከ1987 በኋላ የተወለዳችሁ የጭሮ ልጆች፣ ቀበሌያችሁን ማን መረጠላችሁ?

ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ ሚኤሶ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ለመምረጥ ደግሞ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሚያዝያ 1987 በኋላ የተወለደ ሰው፣ ይህን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ የቀበሌውን ምክር ቤት አባል መርጦ አያውቅም ማለት ነው። አብዛኞቻችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ፤ እኛም አለንበት።

«በ2013 መርጠን የለም እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌ ኦሮሚያ ነበር። የአካባቢ ምርጫው በየአምስት ዓመቱ መሆን ሲገባው፣ የ2010ሩ ተራዘመ፣ ከዚያም ድጋሚ ተራዘመ።

አንድ ቀን መምጣቱ ግን አይቀርም። ሲመጣ «ማንን እንምረጥ?» ከሚለው በፊት ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ መስመሩ በየት በኩል ያልፋል? ወንበሩስ ስንት ነው? ሲሰሟቸው አሰልቺ ናቸው፣ እናውቃለን። የድምፃችሁ ክብደት የሚለካው ግን በእነሱ ነው።

ከወንበሩ እንጀምር። የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፣ የጎረቤታችን የድሬዳዋ ደግሞ 189። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን፣ ድሬዳዋ 342 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። አካፍሉት። አዲስ አበባ ላይ አንድ የምክር ቤት አባል ወደ 20 ሺህ ሰው ይወክላል፣ ድሬዳዋ ላይ 1,800 ገደማ። ድሬዳዋ ላይ ተወካይህን መንገድ ላይ አግኝተህ «ውሃው ለምን ጠፋ?» ልትለው ትችላለህ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ስሙን ማወቅም ይከብዳል።

ታዲያ ወንበር ሲበዛ ጥሩ ነው? እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከ2000ው የአካባቢ ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር። በመላ አገሪቱ ሲደመር ወደ 3.6 ሚሊዮን መቀመጫ ሆነ። ወረቀት ላይ ሲታይ «ሕዝቡ ራሱን በራሱ ያስተዳድር» ነው። በተግባር ግን አንድ ቀበሌ ላይ ሙሉ በሙሉ ለመወዳደር 300 ዕጩ ማቅረብ የሚችለው ማነው? ያኔ ኢሕአዴግ ቻለ፣ ተቃዋሚዎቹ አልቻሉም፤ መቀመጫዎቹንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ጠቅልለው ወሰዱ ማለት ይቻላል። በእኛ እይታ ከመጠን በላይ የበዛ ወንበርም ልክ እንዳነሰው በር ይዘጋል። እና የዚህ ምክር ቤት ሥራ ቀላል አይደለም፤ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚሾመው የቀበሌው ምክር ቤት ነው፣ በጀት የሚያጸድቀው ደግሞ የወረዳው።

አሁን ወደ መስመሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች 547 ናቸው። በ1992ም 547፣ በ2013ም 547። የጨፌው 537 መቀመጫም የተዘረጋው በእነዚሁ ክልሎች ላይ ነው፣ በአማካይ ሦስት ሦስት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ መንገዱን አስቀምጧል፦ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፣ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያዘጋጃል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አከላለሉን ይወስናል። ቆጠራው ከሌለ ግን ሰንሰለቱ ገና ከመጀመሪያው ይበጠሳል። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታቅዶ ነበር፤ ተገፋ፤ ሰኔ 2011 ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት አራዘሙት። «አንድ ዓመቱ» ይኸው እስካሁን አላለቀም።

ጭሮ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። በ1987ቱ ቆጠራ ከተማዋ 18,700 ገደማ ነዋሪ ነበራት፣ በ1999 ደግሞ 33,670። በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት። ከዚያ ወዲህ ማንም ቤት ለቤት ዞሮ አልቆጠረም። ትናንት የጫት ማሳ የነበረው ዛሬ የኪራይ ቤት በሆነበት ከተማ፣ መስመሩ የድሮው ከሆነ አንዱ ቀበሌ ሰው ሞልቶ ሲፈስ ሌላው ሳስቶ ይቀራል፤ ለምርጫ ግን እኩል ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሚኤሶ በኩል ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፤ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል ወሰን ራሱ ጥያቄ ሆኖ ጥቅምት 1997 ላይ ሕዝበ ውሳኔ የተደረገበት አካባቢ ነው። እዚያ ቀበሌ መከለል የካርታ ሥራ ብቻ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ አሰበ ተፈሪን በማቋቋም ስማቸው የሚነሳው የጨርጨር ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በዚያ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፣ «ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ» ተብሎ። የ1948ቱ ሲመጣ ነዋሪው ከ30 ሺህ ለሚበልጥ ከተማ የራሱ እንደራሴ ፈቀደ። ጭሮ በ1999ኙ ቁጥሯ ያንን ታልፍ ነበር!

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የኬንያ ሕገ መንግሥት 290 የምርጫ ክልሎቹ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲከለሱ ያዛል፤ እነሱም የካቲት 2016 ላይ ቀነ ገደቡ አመለጣቸው። ልዩነቱ፣ እዚያ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ መከራከሪያ ሆኗል።

ቀበሌ ለመታወቂያ ስትሄዱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የቀበሌያችን ምክር ቤት ስንት መቀመጫ አለው? ስንቱስ ሰው አለበት?» መልሱን ስታገኙ የነዋሪውን ቁጥር በወንበሩ አካፍሉት። የነዋሪ ቁጥር ብለው የ1999ኙን ከሰጧችሁ ግን፣ ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ሊያስገባ እንደደረሰ አስታውሷቸው።